የታረመ የእናት ቃል

«እንደምን አደሩ እትዬ ብላሲያ? ሙቀቱ ዛሬስ ገና በጠዋቱ ጀመረን። ናናዎን ግን ምን ቢያጠጧት ነው እንዲህ የለመለመችው?»

ዴርሊስ ባርኔጣውን አውልቆ ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ቆመ። እትዬ ብላሲያ በበረዶ ውሃ ለሚጠጣው ተሬሬ የሚሆን ቅጠል እየወቀጡ ነበር። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ፔርሙዟን ታቅፋ፣ ተራዋን እየጠበቀች ከማንጎው ጥላ ሥር ቆማለች፤ ሦስት እርምጃ አትርቅም። ዴርሊስ ወደ እሷ አላየም። ሚስቱን ኒልዳን ከቀበረ አራት ወሩ ነው። ትናንት ከአስተማሪዋ የልጁን ደብተር ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል።

«እኔ አልቸኩልም፤ ቀስ ብለው ይውቀጡ። ሰሙ አይደል? እንኳን ደስ አለን። ከዚሁ ከሠፈራችን የወጣች አንዲት የተማረች ሰው፣ ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን በመጡ እንግዶች ፊት ተሸለመች። ልጆች የቤታቸውን ጓራኒኛና የትምህርት ቤቱን ስፔንኛ ሳይፈሩ አደባልቀው፣ የአንዱ ቤት የሚያውቀውን ለሌላው እንዲነግሩ አድርጋለች ተብላ። ደስ አይልም? በእርስዎ ጊዜ ጓራኒኛ ከአፉ ያመለጠው ልጅ ደረቅ በቆሎ ላይ ይንበረከክ ነበር አሉ። ዛሬ ጉልበት የሚነካ የለም... ላጲስ አለ።

«የእኔዋን አራሴሊን ያውቋታል። ‹ቤታችን የሚያውቀው ነገር› ብላችሁ ጻፉ ሲባሉ፣ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ የነገረቻትን ጻፈች። ጠዋት ጠዋት የአባትሽን የተሬሬ ውሃ እንዲህ አድርጊለት፤ ለሆድ ይህን ቅጠል፣ ለራስ ምታት ያንን፣ ለሐዘን ደግሞ... ኒልዳ ስታወራ መቼም ያውቋታል። በስፔንኛ ጀምራ በጓራኒኛ ታስቃለች፤ መልሳ በስፔንኛ ትቆጣለች። ልጅቷም እንደሰማችው አሰፈረችው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ምን ታውቃለች?

«እና ያቺ ያልኩዎት ሰው፣ እጇ ይባረክ፣ እንግዶቹ ፊት እንዳናፍር ብላ ቁጭ ብላ አረመችላት። ስፔንኛውን ለብቻ፣ ጓራኒኛውን ለብቻ። ጓራኒኛውንም ቢሆን እኔና እርስዎ የምናወራውን ሳይሆን ንጹሑን፣ ከመጽሐፍ የተቀዳውን፣ ማንም በአፉ ብሎት የማያውቀውን። ከዚያ ልጅቷ የእናቷን ቃል በገዛ እጇ በላጲስ አጥፍታ በላዩ እንድትጽፍ... ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? በመደባለቅ የተሸለመ ሰው እንዲህ ሲለይ አይተው ያውቃሉ?»

የእትዬ ብላሲያ ዘነዘና ዘገየ። ከማንጎው ሥር የፔርሙዝ ክዳን ተከፈተ፤ መልሶ ተዘጋ።

«ኧረ ይውቀጡ፣ ይውቀጡ። ባህላችን እንዲታይ ተብሎ የገለባ ባርኔጣ አጥልቀውላት አራሴሊ ለእንግዶቹ አነበበች። ተጨበጨበላት። ቤት ስትመጣ ‹አባዬ፣ እማዬ እንደዚህ ነበር ያለችኝ?› አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ። ጸጥተኛ ተማሪ ተብሎ ተጽፎላታል። ስንቱ ወላጅ ነው ልጁ ጸጥ እንድትልለት የሚመኘው...

«ደብተሩን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ላጲስ እርሳሱን ይወስዳል እንጂ የተጫነበትን ቦታ አይደለድልም። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት ከሥር ያለው ይነበባል፤ በሌላ ደብተሯ አንድ ገጽ ሞክሬ አይቻለሁ። አራሴሊ ብታየው የእናቷ ቃል ሳይመለስላት አይቀርም ብዬ ነበር። ግን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሽልማቱ ምስክር ወረቀት ጎን ተቆልፎበታል። የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኗል አሉኝ። ይገባኛል። እኛ ቤት ቢቀመጥ ማን መጥቶ ያይልናል?

«የዚያችን ሰው እናት ደግሞ እሑድ ዕለት አየኋቸው። ግቢያቸው ውስጥ ለዶሮዎቹ በጓራኒኛ ያወራሉ። የልጅ ልጆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ የታረሙ፣ ጨዋ ልጆች፤ አያታቸው ከሚሉት አንዲት ቃል አይገባቸውም። የጠራ ስፔንኛ ብቻ። የሌላ ሰው ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ እንዲናገር ስትደክም ለራሷ ቤት ጊዜ ከየት ታምጣ? አየሁና እንዴት ያለ መሥዋዕትነት ነው አልኩ።»

ዴርሊስ የተወቀጠውን ቅጠል ተቀብሎ ባርኔጣውን ደፋ። አሁን ገና ወደ ማንጎው ዞሮ ለአስተማሪዋ እጅ ነሣ፤ የሚናገረው ግን አሁንም ለእትዬ ብላሲያ ነበር።

«ዕድሜ ይስጣት እትዬ፤ ሌላ ምን እላለሁ። የልጅ ልጅ ልጆቿን ትይ። ቀኗ ሲደርስም ብቻዋን አትሁን፤ ሁሉም አልጋዋን ከበው፣ የምትለውን ቃል በቃል ይጻፉላት። ከጻፉ በኋላም እንደ እሷ ያለች ታታሪ አስተማሪ አይጡ... አንዲት ስህተት ሳታስቀር ታርምላቸው።»