ያባቱን ቴፕ ያልነካ ልጅ

ነዒማ! እንዴት አደርሽ እህቴ? አይ፣ ልብስሽን አስጪ፣ እኔም እዚሁ በረንዳዬ ላይ ባሚያዬን እየቀነጠስኩ ነው። ጉልበትሽ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የዘንድሮ ባሚያ ግን… ግማሹ እንጨት ነው። የፈለግኩትስ ቲማቲም ነበር። ቅርጫቴን በገመድ አውርጄ ለአትክልት ሻጩ ‘ቲማቲም!’ ብዬ ጮህኩ፣ ባሚያ ሞልቶ ላከልኝ። አልፈርድበትም። በዚህ ሰፈር አሁን ማን ማንን ይሰማል?

የልብስ መቆንጠጫሽ ወደቀብሽ እንዴ? የኔም እንደዚሁ ነው። ትናንት የባለቤቴ ከናቴራ ብቻውን ከገመዱ ወርዶ መንገድ ላይ ተዘርሮ ተኛ። ነፋስ የለ፣ ምን የለ። ‘ጂን ነው’ አለ ባለቤቴ። ጂንማ አይደለም አልኩት፣ ጂን ይሉኝታ አለው፣ ሰው ሲተኛ ጠብቆ ነው የሚመጣ። ጋዝ ሻጩም እኮ ሲሊንደሩን እየቀጠቀጠ በደጃችን አልፎ ነበር አሉ፣ አንዳችንም አልሰማነውም። ሁለት ቀን ሙሉ አይብና ዳቦ በላን። ለጤናም ጥሩ ነው መሰለኝ።

እኔ ስም አልጠራም። ታውቂኛለሽ፣ ስም መጥራት አልወድም። ይልቁንም ሰው እታች መኪናውን እየወለወለ እያለ ከበረንዳ ላይ ስም መጥራት ነውር ነው። ይወልውል፣ ንጽሕና ከእምነት ነው። እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ወላሂ ሌላ ሰው ነው። አንድ… ጨዋ ልጅ አለ።

የጎረቤታችንን የሐግ ሸውቂን መኪና ታስታውሺያለሽ አይደል? አላህ ይርሀማቸውና፣ ያችን ነጯን። እሳቸው ሲሞቱ ልጅየው ይሸጣታል ያላለ አልነበረም። አልሸጣትም። ቴፗን እንኳ አልቀየረም! ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት፣ ያው ያባቱ ቴፕ፣ ያው ያባቱ የቁርኣን ጣቢያ። ‘የአባቴ እጅ ያረፈበትን እኔ አልነካም’ ሲል በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንባዬ ነው የመጣው። ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባል የለ? እሱ አልዘረፈም። ጨመረበት እንጂ።

ምን ጨመረበት መሰለሽ… ሳብዉፈር። ስሙን ባለቤቴ ነው የነገረኝ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ኮፈን ውስጥ የሚገባ፣ የሕፃን አልጋ የሚያህል ሳጥን ነው። ዘፈኑ ከፊት ይቀርና ድብ ድቡ ብቻ በሱ በኩል ይወጣል። ከኋለኛው ስፒከር ሽቦ ቀጠሉለት፣ ከባትሪው ወፍራም ገመድ ጎተቱለት፣ ሳጥኑን ከወለሉ ጋር በብሎን ጠፍረው አሰሩለት። ቴፑ ዛሬም ያባቱ ነው፣ ጩኸቱ ብቻ ነው የልጁ። አባትና ልጅን እንዲህ ባንድ ሽቦ ያገናኘ የት ይገኛል? ባዶ በርሜል ይጮኻል የሚሉም አሉ። ውሸት ነው፣ ሳጥኑ ሙሉ ነው። ባዶውን ሌላ ቦታ ይፈልጉት።

ደግሞ አህያውን ፈርታ ዳውላውን ትላለች እንዳትይኝ። ዳውላው ምን አደረገኝ? ዳውላው እኮ ያምራል።

ኮፈኑ ድሮ ምን ነበረበት? ምንም። አንድ ዊልቸርና አንድ ቡናማ ብርድ ልብስ። እናትየው እትዬ ኢንሻራህ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ፣ ሐግ ሸውቂ ዊልቸሩን አጥፈው፣ ብርድ ልብሱን ከሥሩ አንጥፈው፣ ለፊዚዮቴራፒ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። ብርድ ልብሱ ለምን? ‘እንዳይንኳኳ ነው፣ ሲንኳኳ ሚስቴ ትሸማቀቃለች’ ይሉ ነበር። አርብ አርብ ደግሞ ወደ ሙዌስ ቦይ ዳር። እሳቸው ከፊት ይቀመጣሉ፣ ባልየው በዝግታ ይነዳሉ፣ ቴፑ ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ቁርኣን ያነባል። ይህም ኑሮ ተብሎ… ጎረቤት እንኳ ሳይሰማው አለፈ።

አሁን ዊልቸሩ ደረጃው ሥር ነው። ብቸኝነት ይሰማዋል ብለሽ እንዳታዝኚ፣ ድመት ወልዳበታለች። ምን ታድርግ፣ እናት ናት፣ ቦታ አጥታ ስትንከራተት ነበር። ይኸው በዚያ ቤት ለአንዲት እናት እንኳ ቦታ ተገኘ።

የፊዚዮቴራፒው ቀጠሮማ ነገ ጠዋት ነው። ሐኪም ቤቱ ደውሎ ‘ነገም ከቀሩ ቦታቸውን ለሌላ በሽተኛ እንሰጣለን’ ብሏቸዋል። ሐግ ሸውቂ ሳይሞቱ እኮ እትዬ ኢንሻራህ ግድግዳ ይዘው ሦስት አራት እርምጃ መሄድ ጀምረው ነበር፣ አይተሻቸዋል። ታክሲው እንደሆነ ዊልቸር ሲያይ ፍጥነት ይጨምራል። ልጁ ግን መቼ ከለከለ? ‘እማዬ ትግባ፣ ወንበሩ ይቅር’ ነው ያለው። እውነቱን ነው፣ መኪናው ውስጥ ወንበር ሞልቶ የለ? ሲደርሱ ምን ላይ ይቀመጣሉ ብለሽ አትጨነቂ። ከኋላ መቀመጫው ላይ ይጫን እንዳልል፣ መቀመጫው አዲስ ነጭ ልብስ ለብሷል፣ የዊልቸር ጎማ ደግሞ መሬት ሲነካ የሚውል ነገር ነው። ‘ሳጥኑ ላንድ ቀን ቢፈታስ?’ ብላ የጠየቀች አንዲት ሞኝ ነበረች… እኔ ነኝ። ‘አክስቴ፣ አንዴ ከተፈታ ድምፁ እንደ በፊቱ አይመለስም’ አለኝ። በትሕትና ነው ደግሞ! ስለ እግር አልጠየቅኩትም። እሱ የሚያውቀው ስለ ድምፅ ነው።

እናቱን አያስብም የሚል ግን ምላሱ ይቆረጥ። ማታ ወደ ቤት ሲመጣ ገና ከመንገዱ ጫፍ እሳቸው ያውቃሉ። የመድኃኒት መዋጫ ብርጭቋቸው ውስጥ ውኃው ክብ ክብ ይሠራላቸዋል። ‘መጣ’ ይላሉ፣ ልባቸው ያርፋል። ስንት እናት ናት ልጇ የት እንዳለ ሳታውቅ የምታድር? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የሳቸው ግን አንዱን ብቻ ወልደው ስላበቁ፣ ከየትኛው ቀለም ጋር ያስተያዩት?

ባለፈው አርብ አንቺ አልነበርሽም፣ ፋቁስ ከተማ እህትሽ ጋ ሄደሽ ነበር። አምልጦሻል።

ከጁምዓ በፊት ነው። ሳጥኑ በታሰረ ማግስት። ልጁ መኪናዋን ከእናቱ መስኮት ሥር አቆመና፣ ድምፁ እስከየት እንደሚሰማ ማወቅ አማረው። ተመራማሪ ነው እኮ፣ በወሬ አያምንም። ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ እየሰማ እየራቀ፣ እየሰማ እየራቀ ሄደ። ቴፑ ያባቱ ነው፣ የሚያውቀው ጣቢያም አንድ ነው። ቁርኣኑ ጀመረ። ከምድር ሆድ የወጣ በሚመስል ድምፅ… ሱብሓነላህ! መስታወቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ የያዝኩት ሰሐን ተንቀጠቀጠ።

አንቺው ፍረጂ። የታመሙ አሮጊት ካሉበት ፎቅ ሥር፣ በጠዋቱ፣ ቁርኣን በዚያ ድምፅ ሲለቀቅ በኛ ሰፈር ምን ማለት ነው? ሞተዋል ማለት ነዋ! ወደ መንገዱ ብናይ፣ ልጅየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ ብቻውን ይሄዳል። ‘ምስኪን፣ ከፈን ሊገዛ ነው’ አልን። ድንኳን አከራዩ ዐም ደሱቂ ከሱቁ ሮጦ ወጥቶ እቅፍ አደረገው። ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‘እስከዚህ ድረስ ይሰማል?’ ዐም ደሱቂ እንባውን እየጠረገ ‘ይሰማል ልጄ፣ ሁላችንም ሰምተናል’ አለው። የልጁ ፊት በራ። ‘ስንት ለቅሶ ሳስተናግድ እንዲህ ያለ ጽኑ ሐዘንተኛ አይቼ አላውቅም’ ይላል ዐም ደሱቂ እስከ ዛሬ።

ከዚያማ የለቅሶው ወንበር በጋሪ መጣ። ሴቱ ጥቁር ለበሰ። እኔ ሩዜን ጥጄ፣ ጉንጬን እየመታሁ ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። እትዬ ኢንሻራህ ከወጥ ቤት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና ‘ምነው ተሕያ፣ ማን ሞተ?’ አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ‘እርስዎ’ ይባላል? ከኋላዬ ቃሬዛ ሊሸከም የመጣ ወንድ ሁሉ ደረጃው ላይ ተደርድሯል። እኔን አዩ፣ ጥቁር ልብሴን አዩ፣ ወንዶቹን አዩ፣ የታችኛውን ድምፅ አዳመጡ… ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ ለሳቸው ግን ቤተኛ ሆነላቸው፣ ገባቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ። ‘ሸውቂ ከሞተ ወዲህ ይህን ደረጃ ወርጄ አላውቅም’ አሉ። ‘እናንተም ልትሸከሙኝ መጥታችኋል። በሉ ተሸከሙኝ።’

ከነወንበራቸው አወረዷቸው። ዐም ደሱቂ ከለቅሶ ወንበሮቹ ውስጥ መደገፊያ ያለውን መርጦ ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። ፀሐይ፣ ነዒማ! ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እንኳ… ተዪው፣ የሽንኩርቱ ነው። ለዚህ ሁሉ ባለውለታው ማን ነው? ልጁ። እናቱን ፀሐይ ለማሞቅ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ለቅሶ የጠራ ልጅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሌላ ልጅ ቢሆን ዝም ብሎ አዝሏት ይወርድ ነበር።

እሱም ተመልሶ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ለሳጥኑ የመጣ መሰለው። እሳቸው ‘እስቲ አሳየኝ’ አሉት። ኮፈኑን ከፈተላቸው። ትክ ብለው አዩ። ከሳጥኑ ሥር ያ ቡናማ ብርድ ልብስ ተነጥፏል… እንዳይንኳኳ። እጃቸውን ሰደው ጫፉን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ‘ማሻአላህ፣ ይሞቀዋል’ አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ዝምታ ወርቅ ነው፣ ወርቅ ደግሞ ዘንድሮ እንዴት እንደተወደደ ታውቂያለሽ። ከኛ መሃል እሳቸው ብቻ ናቸው ያላቸው።

ምነው፣ እታች ውልወላው ቆመ እንዴ? አይ እንግዲህ፣ ሰው ነው፣ ይደክመዋል። የሰው ወሬም እየሰማ አይመስለኝም፣ ጨዋ ነው አልኩሽ አይደል? በነገራችን ላይ ይህን የባለቤቴን ብሎን መፍቻ ቅርጫቱ ውስጥ አድርጌ ላውርደው መሰለኝ። ለማንም አይደለም። ባሚያው ስለወጣለት ቅርጫቱ ባዶውን እንዳይወዛወዝ ክብደት ፈልጌ ነው። ነገ ጠዋት ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይደር፣ ማን ይወስደዋል? ሌባ የለብን።

እኔ ክፉ አላወራሁም፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። እንዲያውም ልመርቀው ነው። ምርቃቱ የኔ አይደለም፣ የእናቱ ነው። ያን ለታ ኮፈኑ ሲዘጋ ወደሳቸው ስበው፣ ራሱን ዳብሰው የመረቁት ነው። ከልባቸው ነበር ነዒማ፣ ቅንጣት ቂም አልነበረበትም፣ ያስፈራኝም እሱ ነው። ልጁማ ከሁላችንም ቀድሞ ‘አሚን’ ብሏል። አሁን እኔ ልድገመውና አንቺ አሚን በይ፣ ጮክ ብለሽ፣ እታችም ቢሆን እንዲሰማ፦ ‘ልጄ፣ አላህ እንደኔ እስክታረጅ ያኑርህ። ያን ጊዜም ከአጠገብህ ልጅ አያሳጣህ… ልክ እንዳንተ ያለ።’