የእትዬ ጥሩወርቅ በሽታ ቲቢ አልነበረም

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሰርቦና ከመርካቶ የመጣችሁ ሽማግሌዎች፣ ሼሆች፣ እናቶች፣ የእትዬ ጥሩወርቅ ተማሪዎች፤ እግዜር ያጽናችሁ። ሀብተጊዮርጊስ እባላለሁ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነኝ። ዛሬ ከሐዘኔ ይልቅ ያንገሸገሸኝ ይበልጣል።

እትዬ ጥሩወርቅ እዚሁ ከተማችን ሰቃ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ፊደል አስቆጥረዋል። አምና መስከረም ትንፋሽ አጠራቸው። በሳንባቸውና በጎድናቸው መካከል ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። በመርፌ ቀዳሁላቸው። ደም የቀላቀለ ውሃ ነው። በሁለት ሳምንት ተመልሶ ሞላ። ከየት ይመጣል? አላወቅንም። አክታቸውን ሦስት ጊዜ መረመርን፤ ቲቢ የለም። «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠሩኝ። «በአብዮት ዘመን አልታወቀም የሚል ሪፖርት ወደ ላይ አይላክም፤ ቲቢ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ማን ሰረዘው? እኔ። ማን ፈረመ? እኔ። ያንገሸግሸኛል።

ወሬው ከተማውን ዞረ። ከማስተማር ታገዱ። ኩባያቸው ተለየ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ከአግዳሚው የተነሳው ማን ነበር? እዚህ የቆምነው ነን። ጎረቤታቸው ዘይቡ ብቻ፣ አላህ ከጻፈው አላልፍም ብላ በእሳቸው ኩባያ ጠጣች።

ስምንት ወር የቲቢ መርፌ ወጋኋቸው፤ ውሃው አልቆመም። አዲስ አበባ ሄደው ሊመረመሩ የይለፍ ወረቀት ጠየቁ። ቀበሌው ከስብሰባ ቀርተዋል ብሎ ከለከለ። ከስብሰባ! ትንፋሽ ያጠረው ሰው መፈክር እንዲያሰማ!

በመጨረሻ የዘይቡ ወንድም ቲጃኒ በቡና መኪናው፣ ጆንያ ላይ አስተኝቶ ወሰዳቸው። እዚያ አንዲት ሐኪም መርፌ ከማንሳቷ በፊት ደረታቸውን ዳሰሰች። ጡታቸው ውስጥ እብጠት አገኘች። ውሃው ሲመረመር ካንሰር ሆነ፤ ከጡታቸው ተነስቶ እሳንባቸው ዙሪያ የደረሰ። ጊዜው አልፎ ነበር። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ስወጋቸው ጡታቸውን አንድ ቀን አልዳሰስኩም።

ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቆጡም።

«ሀብቴ፣ ያላወቅኸውን አላወቅሁም በል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ስቀበር የገደለኝን በስሙ ጥራው። አትፈር። ሴቶቹ ይስሙ።»

እነሆ ጠራሁት። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ጡታችሁ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር ካገኛችሁ አትደብቁ። የሚያክማችሁ ሰው ቸል ቢል፣ እኔም ብሆን፣ ዝም ብላችሁ አትመለሱ።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ አደራዎን አድርሻለሁ፤ በደሌ ከእኔ ጋር ይቀራል። እርስዎ ግን ይሂዱ፣ ይረፉ። አፈሩ አይክበድዎ።