«ምንም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

«ለሟቹ መታሰቢያ እንዲሆን፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ምንም ሥራ ሳይሠራበት ጦሙን ያደረው መሬት ከሐምሌ አምስት ጀምሮ ተመንጥሮ፣ በመስመር ችግኝ ይተከልበታል።»

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የተከበሩ ባለቤቱ፣ ልጆቹ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ያነበብኩላችሁ ቃል በቃል ነው። ደብዳቤውን ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ማኅተም አለው። የፈረሙበት ኃላፊያችንም ከኋላ ቆመዋል። ስለመጡ አመሰግናለሁ።

ምንም ሥራ ሳይሠራበት! እሱ? ምንም?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሥራችን ያረጀ እርሻን ወደ ዱርነት መመለስ ነበር። ሰው የጫነበትን ማንሳት፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ። እኔ የምለካና የምጽፍ፣ እሱ የመስኩ ጠባቂ። «ተወው» ብለን የጠራነው ቃሉ ከአፉ ስለማይጠፋ ነው። አረም በቀለ፣ ልንቀለው? ተወው። ቀበሮ ገባ፣ ላባርረው? ተወው።

አንድ ቀን ትልቅ ዛፍ መንገዱ ላይ ወደቀ። መጋዝ ይዤ እያለከለክሁ ደረስኩ። እሱ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላል።

«ተወው።»

«መንገዱን ዘጋው እኮ!»

«አንተ ዙር። እሱ መዞር አይችልም።»

እየተሳደብኩ ዞርኩ። አንድ ጫማዬን ጭቃ ዋጠው። በሁለተኛው ዓመት ግንዱ ሥር ያገኘኋቸውን ነፍሳት ለመመዝገብ ሦስት ገጽ አልበቃኝም። ታዲያ ይህን ማን ሠራው? እሱ? ዛፉ? እኔ እንጃ። ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላወቅሁም።

ቦዩንስ? በእርሻው መሀል ወንዙን እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ የሚነዳ የሲሚንቶ ቦይ ነበር። እሱ መዶሻ አነሳ። አራት ወር ሙሉ! እጁ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ። የመጨረሻውን ቁራጭ ሲያወጣ ውሃው እዚያው ተኛ። ወዲያም አላለ፣ ወዲህም አላለ።

«መሄጃ ጠፋው» አልኩት። «ትንሽ ጉድጓድ እንቆፍርለት?»

«ተወው። ጠይቆ ይሄዳል።»

ሄደም። በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጠማማ መንገድ።

አሁን የምናገረውን ግን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙኝ። በየዓመቱ መጨረሻ ቅጽ እሞላለሁ። ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፦ የተተከለ፣ የተገነባ፣ የታጨደ። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም። ተክሏል? አልተከለም። ገንብቷል? እንዲያውም አፍርሷል። «የፈረሰ» የሚል ዓምድ የለም። ስለዚህ በሦስቱም ሥር «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ዓመት። ሃያ ሰባት ጊዜ። ምንም፣ ምንም፣ ምንም።

ደብዳቤው ውስጥ ያለችው ቃል የእኔ ናት። ከእኔ ቅጽ ነው የተገለበጠችው። ታዲያ ማን ላይ ልጩህ?

አንድ ጊዜ ቅጹን አሳየሁት። ሳቀ። «ምሁሩ፣ ትክክል ጽፈሃል። ተወው» አለኝ። ተውኩት። ባለቤቱ ግን ዛሬ ጠዋት እንዲህ አሉኝ፦ «ያን ወረቀት ያየ ዕለት ራቱን ሳይበላ ተነሳ።» ቀጥለውም፣ «ደግሞ ተወው ትሉታላችሁ! እቤት እኮ ማንኪያ ከቦታው ከተንሻፈፈች ጠረጴዛ አይቀርብም ነበር» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አልሳቅንም። መለስ ብለው ደግሞ «መቃብሩ ላይ የሚበቅለውን ልንቀለው ወይስ ልተወው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሠላሳ ዓመት ዕፅዋት ያጠናሁ ሰው ተነስቼ ወደ ቅጾቼ ሄድኩ።

ምን አሉ፣ ክቡር ኃላፊ? ቦታው አይደለም? ቦታው የት ነው ታዲያ? ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት። እዚህ ደግሞ ቀብር ላይ ነን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አውቃለሁ። ሊያከብሩት ፈልገው ነው። ግራ የሚያጋባኝም ይኸው ነው። እንዴት ሰው የሰውን የዘጠኝ ዓመት ልፋት መንጥሮ መታሰቢያ ያደርጋል?

ዛሬ ጠዋት ዘጠኙንም ቅጾች አውጥቼ አራተኛ ዓምድ በእጄ አሰመርኩ። ርዕሱ «የተተወ» ይላል። ከሥሩ ጻፍኩ፦ አርባ ሄክታር መሬት። አንድ ወንዝ። አንድ የወደቀ ግንድ፣ ሰው የሚዞረው። ዕርማቱን በስሜ ፈርሜበታለሁ። ይኸው፣ በሰው ፊት ይቀበሉኝ።

ወዳጄ፣ ይቅር በለኝ ልበልህ? አላውቅም። «ተወው» ትለኛለህ፤ ያ ደግሞ አይበቃኝም። ሃያ ሰባት ጊዜ አንድ ትክክለኛ ቃል ጽፌ ሃያ ሰባት ጊዜ ተሳሳትኩ። እንዴት እንደሚሆን ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። ደህና ሁን። ማንም ሳያቀናህ፣ በራስህ ጠማማ መንገድ ሂድ።

ክቡር ኃላፊ፣ ምንጣሮው መቅረቱን የሚገልጽ መልስ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም፣ እስከ ሰኔ ሃያ ስምንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እጄ እንዲገባ እጠይቃለሁ። እሱ ቢኖር «ተወው» ባለኝ ነበር።

ይሄን ግን አልተወውም።