የግብርና ክበቡ ሁለት ፍየሎች

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጥር ላይ። ከሰንበቴ ገበያ ወደ ከሚሴ ስመለስ ሁለት ተማሪዎች ሁለት ፍየል ይዘው ላንድሮቨሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አንዷ ፍየል ጋቢዬን ማኘክ ስለጀመረች ሹፌሩን ጠርቼ ላስወርዳቸው ስል ወሬያቸው ያዘኝ።

“ተስፋዬ፣ ያን የመሰለ ሙክት በግ በነዚህ ከሲታዎች ለወጥነው?”

“ምን እናድርግ ዘሐራ? ክበባችን ያደለበው አንድ በግ ብቻ ነው። እናንተ ብታርዱት እኛ አንበላም፤ እኛ ብናርደው እናንተ አትበሉም።”

“እሱስ ልክ ነህ። አሁን አንዱን እኛ፣ አንዱን እናንተ። ጦሙን የሚውል የለም።”

“የወላጆች ቀን ጠግበን እንጨፍራለን!”

“ቀኑ መቼ ነው የተባለው?”

“አርብ።”

“አርብ? አርብ ትጾሙ የለም እንዴ?”

“ወይኔ! እንዴት ረሳሁት!”

“ወላሂ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ጉድ ሠራኸን! በጉም ሄደ፣ እናንተም ሽሮ ልትበሉ ነው።”

“አትሳቂብኝ። በቃ አርብ እናንተ ብሉ፣ የኛን ሌላ ቀን እናርዳለን።”

“እናንተ እያያችሁን? አይሆንም! አርብ ቲያትሩን እናሳያለን፣ ፍየሎቹን ሁለቱንም ቅዳሜ እናርዳለን።”

“የኛ ሰዎች ደስ ይላቸዋል። የናንተዎቹስ እሺ ይላሉ?”

“ከመስከረም ጀምሮ ሣር ስናጭድ የከረምነው አብረን አይደል? አንድ ቀን መታገሥ ያቅተናል?”

እኔም ሹፌሩን መጥራቱን ትቼ የጋቢዬን ጫፍ ለፍየሏ ላላ አደረግሁላት።