የይትባረክ ዛጎል

(ከደጀን ወጣ ብሎ፣ ሥራ ባቆመ የኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ፤ ሕዝቡ የጥንት የባሕር ዛጎል ቆፍሮ እንዲወስድ በተፈቀደበት ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ። የዕለቱ አስተባባሪ መምህርት ማስተዋልና ከካባው በጡረታ የወጡት አቶ አላምረው ከአንድ ገደል ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመዋል።)

ማስተዋል፦ አባባ፣ ጋቢዎን ይግለጡት።

አላምረው፦ በዚህ ንፋስ? ደረቴን ያመኛል እኮ።

ማስተዋል፦ ንፋስ የለም። ብብትዎ ሥር የሸጎጡትን ዛጎል አይቼዋለሁ።

አላምረው፦ ካየሽው ታዲያ ምን ያስገልጠኛል?

ማስተዋል፦ ደንቡን ጠዋት አንብቤላችኋለሁ። ከጡጫ የሚያንሰውን ትወስዳላችሁ፤ የሚበልጠው ለሙዚየም ይቀራል።

አላምረው፦ የማን ጡጫ?

ማስተዋል፦ የሰው ነዋ።

አላምረው፦ ይኸው የእኔ። ሠላሳ ሁለት ዓመት መዶሻ የያዘ ነው። ዛጎሉ ያንሳል።

ማስተዋል፦ እሱስ ጡጫዎ ራሱ ሙዚየም መግባት አለበት። እስቲ ያሳዩኝ።

አላምረው፦ በዓይን ብቻ።

ማስተዋል፦ ኧረ! ሳይሰበር ሙሉውን! በስንጥቁ ውስጡ ሲያበራ ይታየኛል፣ መስታወት የሞላው ይመስላል። አባባ፣ ይህ እንስሳ እዚህ ባሕር በነበረበት ዘመን ሞቶ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ውሃ በቅርፊቱ እየሰረገ...

አላምረው፦ ለቀባሪው አረዱት አሉ! የዚህን ዘመዶች በድማሚት ስፈጅ የኖርሁት እኔ ነኝ። በስንቱ ሰው ግድግዳ ላይ ተለስነው ቀርተዋል።

ማስተዋል፦ እንግዲያው ይስጡኝ። ከሥሩ ስምዎን እጽፋለሁ።

አላምረው፦ ስሜ ይቅርብኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን አልጥልም።

ማስተዋል፦ ደንቡ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፣ አባባ።

አላምረው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቷ አንቺ፣ ሞኙ እኔ። እንግዲህ እንቁም።

ማስተዋል፦ ምን ሊያደርጉት ነው?

አላምረው፦ ለሰው ላሳየው።

ማስተዋል፦ ለማን?

አላምረው፦ ይትባረክ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። እዚህ ካባ የገባነው በአንድ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ድማሚት አፈንድተን፣ ናዳው ገና ሳይረጋ፣ ከዚህች ገደል ሥር የሚያበራ ነገር አየሁ። ጉልበቴን ያመኝ ነበር። «ሂድና አንሳው፣ ለአንጓች ትወስድላታለህ» አልሁት። ሚስቱን ነው። ሄደ። ጎንበስ አለ።

ማስተዋል፦ እና?

አላምረው፦ እና ገደሉ ተናደ።

ማስተዋል፦ ነፍስ ይማር።

አላምረው፦ አለቆቹ ሲጠይቁኝ ዝም አልሁ። ካልረጋ ናዳ ሥር ሰው መላክ ከሥራ ያስባርራል። እነሱም «ሰክሮ ገባ» ብለው ጻፉ። ይትባረክ ጠላ እንኳ አይቀምስም፤ ሆዱን ይነፋዋል። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ማስተዋል፦ ለሚስቱም አልነገሩም?

አላምረው፦ ለማንም። ከዚህች ገደል ሥርም ዳግመኛ አልደረስሁም። ጡረታ ወጥቼ ልብ ስገዛ ደግሞ ካባው ታጥሮ ቆየኝ። «ባልሽ የሞተው የሚያበራ ድንጋይ ሊያነሳልሽ ነው» ብዬ ባዶ እጄን ብሄድ ማን ያምነኛል?

ማስተዋል፦ እሺ። እዚህ ላይ ይፈርሙ። ዛጎሉ የሙዚየሙ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ግን በእኔ ኃላፊነት ይውሰዱት።

አላምረው፦ እንዲህ ቶሎ?

ማስተዋል፦ ምነው?

አላምረው፦ ትንሽ የምትከራከሪኝ መስሎኝ ነበር።

ማስተዋል፦ ፈሩ እንዴ?

አላምረው፦ ምን እፈራለሁ! ብቻ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። ጾም ላይ ሰው ማስለቀስ... ደግሞስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ማስተዋል፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያደረ ንጋት አላየሁም። ሚስቱን ማን አሉኝ?

አላምረው፦ አንጓች። አንጓች ተገኘ።

ማስተዋል፦ ይቆዩ፣ መዝገቡ ላይ ይህን ስም... አዎ፣ አርባ ሦስተኛ። እዚያ ማዶ ጥቁር ጃንጥላ የተከሉት ናቸው።

አላምረው፦ አውቃለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ፊቴን ወደ ገደሉ ያዞርሁት ዛጎል ናፍቆኝ መሰለሽ?

ማስተዋል፦ የመጣውን ሁሉ «ምን ሊያደርጉ መጡ?» ብዬ ጠይቄ ጽፌያለሁ። አንዱ ለልጆቼ ይላል፣ አንዱ ለጌጥ። እሳቸው ያሉትን ላንብብልዎት?

አላምረው፦ ...አንብቢው።

ማስተዋል፦ «ባሌ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ነበር። በደህና ልቦናው እዚያ ምን ሊያይ እንደገባ ላውቅ መጣሁ።»

አላምረው፦ ሰክሮ ነው ያሉትን አላመነችም?

ማስተዋል፦ አንድ ቀንም ያመኑ አይመስለኝም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዛጎል አላነሱም። መሬቱን እየነካኩ ብቻ ይሄዳሉ።

አላምረው፦ አንጓች! አንቺ አንጓች! እዚያ አትድከሚ! ይትባረክ የወደቀው እዚህ ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ!