አንድ ጋን፣ ሁለት ሙቀት

ኮልፌ ካለ አንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ጠርተውኝ ሄድኩ። የቀለሙን ጋን ሙቀት ለኮምፒውተር የሚያነቡ ሁለት ካርዶች ነበሯቸው፤ አንድ ዓይነት፣ ባንድ ሣጥን የመጡ። ጋኑ አንድ ሆኖ ሳለ የቀኙ ስድሳ ሲል የግራው ሰባ ሁለት ይላል። ጨርቁ እየተበላሸ ስለሆነ የፋብሪካው ካድሬ ጋኑን የሚቆጣጠሩትን ጋሽ ደስታን በአሻጥር ሊያስከስሳቸው ተነስቷል።

ካርዶቹን አቀያየርኳቸው። ስህተቱ ካርዱን ተከትሎ አልሄደም፤ እዚያው ግራ ቀረ። «ካርዶቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጣጣው ሽቦው ላይ ነው» አልኩ። ጋሽ ደስታ ወለሉን ያያሉ። ሽቦውን ስከተል ከጠዋት ጀምሮ የአብዮት መዝሙር ከሚያሰማው የፋብሪካው ውይይት ክበብ ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ አገኘሁት። ነቀልኩት። መዝሙሩ ቆመ፤ ሁለቱም ካርዶች ስድሳ አሉ።

«ማነው እዚህ ያገናኘው?» አለ ካድሬው።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ደስታ። «ዛሬውኑ ይሰቀል ብለው ሲያዙኝ።»

«ታዲያ እያወቁ ዝም አሉ?»

«መዝሙሩን ዝጉት ልበል እንዴ፣ ጓድ?»

ካድሬው ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱን ምን ልበል?» አልኩት።

ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሽ ደስታ፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ።» ከዚያ ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርጥበት ነው በል» አለኝ። «እርጥበት መደብ የለውም።»