ታደሰ የሳበው እጅ ፍሬን

እኛ ጎልማሶች ሳለን እኮ፣ ልጆች፣ መኪና ያለው ሰው ፈትቶ መግጠምም ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ነው እንጂ ኮፈን ለመክፈት እንኳ መካኒክ የሚጠራው። ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ሹም አቦ ሰፈር ጎረቤቴ ነበር፣ ፋብሪካም አብረን ነው ያረጀነው፤ ያችን አሮጌ ቮልሱን ከእኔ በቀር ሰው አያስነካም። እና አንድ ቀን ከመራዊ ሲመለስ ግቢው ውስጥ አቆማት፣ እጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ገብቶ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ሰው እንግዲህ እንዲህ ነው።

ታዲያ መኪናዋ እዚያው ቆመች። ክረምቱ ወረደባት፣ ሌላም ክረምት ወረደባት፤ የጣናን እርጥበት ታውቁት የለ? ብረት አይምርም። እና ባለፈው ጥር ልጁ ትዕግስት ልትዳር ሆነና እኔ ዘንድ መጣች። "ጋሼ ካሣ፣ ከቤት የምወጣው በአባቴ መኪና ነው፤ ሌላ መኪና አልገባም" አለችኝ። "እሺ ልጄ" አልሁ።

ዕቃዬን ይዤ ሄድሁ። ባትሪ ቀየርሁ፣ ሞተሩ ብዙም አላስቸገረኝ፤ መኪናዋ ግን አትገፋም፣ የኋላ ጎማዎቿ ድርቅ ብለዋል። ወደ ውስጥ ባይ እጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ነው። ላወርደው እጄን ስዘረጋ ሚስቱ ስንዱ፣ ያንን ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ሮጣ ወጣች። "አያ ካሣ! በእመብርሃን! እሱን አይንኩብኝ!" "ምነው ስንዱ?" "እሱ የሳበው ነው። ልብሱን ለነዳያን ሰጠሁ፣ ጫማውን ሰጠሁ፣ የእጁ ሥራ የቀረኝ ይኸ ብቻ ነው።" እኔም እጄን መለስሁ።

ታዲያ ሳላወርደው ልሞክር ብዬ መኪናዋን በክሪክ አነሣሁ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ትልቁን ዳዶም በረጅም ብረት ታግዬ ፈታሁት፤ ታምቡሩ፣ ያ ፍሬኑን የከደነው ክብ ብረት፣ ግን ወይ ፍንክች! ብስበው እምቢ፣ ባባብለው እምቢ። በኃይል እንዳልመታው አሮጌ ነው፤ ከተሰነጠቀ ምትክ የለው፣ የልጅቱም ነገር በዚያው ያበቃል። እና ላቤን ጠረግሁና "ስንዱ፣ የፍሬኑ ሸራ ከውስጥ አንቆ ይዞታል። እጅ ፍሬኑ ካልወረደ አይወጣም፤ እቴ፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ" አልኋት። "እንግዲያው ይቅር!" አለች።

ለካስ ትዕግስት ቆማ ትሰማ ኖሯል። አልጮኸችም። ቀስ ብላ "እማዬ፣ እኔስ የእጁ ሥራ አይደለሁም?" አለቻት።

ስንዱ ልጇን አየቻት፣ አየቻትና ሄዳ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ መሪ ነክታ አታውቅም። "እንዴት ነው የሚወርደው?" አለችኝ፤ እንባዋ ይወርዳል። "ትንሽ ወደ ላይ ሳቢና ጫፏን ተጫኛት" አልኋት። አወረደችው። አንጀቴን በላችው፣ ምን ልደብቃችሁ።

ታዲያ በዚህ ተላቀቀ መሰላችሁ? የታባቱ! ዝገቱ እንደያዘ ነው። በታምቡሩ ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቼ ሸራውን ወደ ውስጥ ሰበሰብሁት፣ ዳር ዳሩን ላምባ አፈሰስሁበት፣ እስኪጠጣው ቁጭ አልሁ፤ ከዚያ እንጨት እየደገፍሁ ዙሪያውን ቀስ እያልሁ መታሁ፣ መታሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ግው!" አለና እጄ ላይ ወጣ። ማዶ ያለውም እንዲሁ። አንዱም አልተሰነጠቀ፤ ተመስገን አልሁ። ዝገቱን ጠርጌ፣ አዲስ ሸራ አድርጌ ገጠምሁ።

የሠርጉ ዕለት የነዳሁት እኔ ነኝ። ሙሽሮቹን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ጣና ዳር ላወጣቸው ስነሣ፣ ስንዱ ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ድንገት እልል አለች! ከታደሰ ወዲህ ከዚያ ቤት እልልታ ወጥቶ አያውቅም እኮ፣ ልጆች። ደጋግማ እልል አለች።

"እርስዎስ ያኔ ምን አሉ፣ አባባ?" (ከልጆቹ አንዱ)

እኔማ መሪ ይዣለሁ፣ ምን እላለሁ? እየነዳሁ አለቀስሁ፤ ሙሽራዪቱ ከኋላ ሆና "ጋሼ ካሣ፣ ለመሆኑ መንገዱ ይታይዎታል?" ትለኛለች! (ሣቅ)